እታለም የመረጠችው ጀልባ

እታለም ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው። አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ውስጥ ባለ አንድ ነርሲንግ ሆም አረጋውያንን ስታጥብ፣ ስታለብስ፣ ከአልጋ ወደ ዊልቸር ስታዛውር ሃያ ሁለት ዓመት አልፏታል። ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያ ናት። ቅዳሜ ሙሉውን ቀን፣ እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ፣ ፓርክ ሂል በሚባል ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ቤት ትሠራ ነበር። እኔ የማውቃት ከቤተ ክርስቲያን ነው። ሌላው ሰው ደጅ ቆሞ ሰላምታ ሲለዋወጥ እሷ መኪናዋ ውስጥ ነጠላዋን አጣጥፋ፣ የሥራ ሸሚዟን ደርባ ስትወጣ ነበር የማያት። ይህን ታሪክም በአንድ ጊዜ አልነገረችኝም። የመኪናዋን በር እንደከፈተች፣ ሞተሩ እየሠራ፣ በየእሑዱ ቁራጭ ቁራጩን ሰማሁት። ማብቂያውን ብቻ ተቀምጣ ነገረችኝ።

ነገሩ የጀመረው አምና በሰኔ ነው። ልጇ ትህትና አንድ ማክሰኞ ለእራት ወላጆቿ ቤት መጣች። ትህትና አንድ ልጃቸው ናት፤ ዴንቨር ተወልዳ ዴንቨር ያደገች፣ የሃያ አራት ዓመት ወጣት፤ መሀል ከተማ አንድ ኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ ሥራ ከያዘች ገና ዓመቷ ነው። ስልኳን ከእናቷ ሳህን አጠገብ አስቀመጠችው። ስክሪኑ ላይ ሁለት የአውሮፕላን ትኬት ይታያል። በነሐሴ፣ ለአንድ ሳምንት፣ ኩራሳዎ ወደሚባል የካሪቢያን ደሴት።

እታለም ትኬቱን አየችው። «እዚያ ማን አለ?» አለች።

«ማንም የለም፣ እማዬ። ለዚያ እኮ ነው የምንሄደው» አለቻት ልጇ።

እታለም አልገባትም። አሜሪካ ከገባች ወዲህ በአውሮፕላን ከኮሎራዶ የወጣችው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ ለለቅሶ። ዘመድ ወደሌለበት አገር ሻንጣ ይዞ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳት ይመስል ባሏን አየችው። ምናሉ ከሆቴል ወደ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሹፌር ነው፤ ለእረፍት የሚሄድ ሰው ሻንጣ በየቀኑ ያነሳል። «ሂዱ እንጂ» አለ። «እኔ ከሻወር ያለፈ ውኃ አልወድም።»

ትህትና ሁሉንም ጨርሳዋለች። ሆቴሉን ይዛለች፤ እናቷ ለአለቃዋ የምትሰጠውን የፈቃድ ማመልከቻ ሳይቀር ጽፋ አምጥታለች። አንድ ነገር ብቻ ሆን ብላ ተወች። ከሳምንቱ አንዱን ቀን ባሕር ላይ በጀልባ ያሳልፋሉ፤ የትኛው ጀልባ እንደሆነ የምትመርጠው እታለም ናት። እታለም አንቺ ያልሽው ይሁን ብትላት እንቢ አለች።

«ካወቅኩሽ ጀምሮ የምትወስጂው የተረፈውን ነው» አለቻት። «የተረፈውን ሺፍት፣ የተረፈውን ምግብ። አንድ ነገር፣ ጀስት ዋን ቲንግ፣ ራስሽ መርጠሽ ማየት እፈልጋለሁ።»

ይህን ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሮ ስለነበር እታለም እሺ አለች። እሺ ያለችው ነገሩ እንዲያልቅ ብላ ነው። አላለቀም።

በማግስቱ ሰባት ሊንክ ተላከላት። ጀልባዎቹ ካታማራን የሚባሉ ናቸው፤ ሁለት ቀጫጭን ጀልባዎች ጎን ለጎን ሆነው በላያቸው ሰፊ መድረክ የተዘረጋባቸው፣ ሸራ ያላቸው። መንገደኛውን ዓሣ ወዳለበት ቦታ ይወስዱታል፤ ዓይንና አፍንጫ የሚሸፍን ማስክ፣ በጥርስ የሚያዝ የአየር ቱቦ ይሰጡትና ውኃው ላይ ይለቁታል። ሰውየው በሆዱ ተንሳፍፎ ታች ያለውን ያያል። ስኖርክል የሚሉት ይህንን ነው። እታለም መዋኘት አታውቅም። ያደገችው ደብረ ብርሃን ነው፤ የደብረ ብርሃን ውኃ ደግሞ ፊት ለመታጠብ እንኳ ያስፈራል።

በምሳ እረፍቷ ሠራተኞች የሚበሉበት ክፍል ገብታ ስልኳን ትከፍታለች። በሁሉም ላይ ያው ሰማያዊ ውኃ፣ ያው የሚስቁ ሰዎች። አንዱ መጠጥ ያለ ገደብ ይሰጣል፤ አንዱ ከላይ ወደ ውኃው የሚወርዱበት መንሸራተቻ አለው፤ አንዱ ሁለት ቦታ ይቆማል፤ ሌላው ሦስት። አራተኛው ላይ ስትደርስ የመጀመሪያውን ትረሳዋለች። አንድ ቀን ስልኩን በእጇ እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳትና የሥራ ባልደረባዋ መጥታ ቀሰቀሰቻት። የእረፍት ሰዓቷ አልቆ ምሳዋን አልበላችም ነበር።

ነርሲንግ ሆሙ ውስጥ ሚስተር ዋልተር የሚባሉ የዘጠና አንድ ዓመት ሰው አሉ፤ ድሮ ፖስታ ያድሉ የነበሩ ናቸው። ሕጉ አረጋውያኑ የሚለብሱትን ራሳቸው እንዲመርጡ ስለሚል እታለም በየጠዋቱ ሁለት ሸሚዝ ታነሳላቸዋለች። ሰማያዊው ወይስ ግራጫው? ለዓመታት ሲመርጡ ኖረው በዚያ ሰሞን አንድ ጠዋት አንቺ ምረጪ፣ እኔ ደክሞኛል አሏት። እሷም እንደተማረችው ደግማ ጠየቀቻቸው። ሦስተኛ ስትጠይቃቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ግራጫውን አለበሰቻቸውና ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ቆመች። «ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ስጨቀጭቃቸው ኖሬያለሁ» ነው ያለችኝ።

ምናሉ ሊያግዛት ብሎ በጀልባዎቹ የሄዱ ሰዎች የጻፉትን አስተያየት ማንበብ ጀመረ። የሚያነበው ግን አንድ ኮከብ ብቻ የሰጡትን ነው። የተደሰተ ሰው ያጋንናል፣ የተናደደ ሰው ግን ዝርዝሩን ይይዛል ይላል። እራት ላይ እየተረጎመ ያነብላታል። በአንዱ ጀልባ አንዲት ሴትዮ መሄጃውንም መመለሻውንም ሲያስመልሳት ውሏል። በሌላው የሰጡት ማስክ ውኃ ያስገባል። በሌላው ሙዚቃው ከመጮኹ የተነሳ ሰውየው ከሚስቱ ጋር ሳይነጋገር ተመልሷል፤ ይህ እንኳ ለአንዳንዱ ሰው ደግ ነው ብሎ ምናሉ ብቻውን ሳቀ። ከሰባቱ አራቱ በዚህ መንገድ ወደቁ።

ሦስት ቀሩ። አንደኛው ሰማንያ ሰው የሚጭን ትልቅ ነጭ ካታማራን ነው፤ ሰው ወደማይኖርባት ትንሽ ደሴት ይሄዳል፤ መሄጃው ብቻ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሁለተኛው ከሰዓት በኋላ ተነስቶ ፀሐይ ስትጠልቅ ይመለሳል፤ ዳንስ አለው። ሦስተኛው አሥራ ስድስት ሰው የሚይዝ አሮጌ ጀልባ ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ዳርቻ ዳርቻውን ይሄዳል። ድረ ገጹ ላይ ያለው ፎቶ አራት ብቻ ሲሆን ምናሉ ያገኘበት ክስም መጠጥ አይሰጡም፣ ካፒቴኑ ወሬ ያበዛል የሚል ነው። ትህትና ልቧ ትልቁ ላይ ነበር። አልተናገረችም፤ ሊንኩን ግን ሁለቴ ልካዋለች።

እታለም ደግሞ ከሁሉ በፊት የምታነበው ስለ ምሳው የተጻፈውን ነበር። ትኬቱን ካየች ከሳምንት በኋላ ነው ቀኑን ቆጥራ የደረሰችበት፤ ጉዞው የዋለው በፍልሰታ ጾም ነው። ልጅቷ አላወቀችም። እሷም አልነገረቻትም። ለንስሐ አባቷ ስልክ ደውላ ስትጠይቃቸው ልጅሽን አታሳዝኛት፣ ጾምሽንም ጸሎትሽንም ይዘሽ ሂጂ አሏት። ጀልባዎቹ ላይ ግን የሚቀርበው ሁሉ የተጠበሰ ዶሮና አይብ ነው።

አንድ ዓርብ ከሥራ ስትወጣ ምስርና ሽሮ ልትገዛ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ወዳለው የአደይ ስምረት ሱቅ ገባች። አደይ ስምረት ሰባዎቹን ያለፉ ኤርትራዊት ናቸው፤ ምጽዋ ተወልደው ያደጉ፣ አማርኛውን በትምህርት ቤት የተማሩ። ሽሮ ሲመዝኑም፣ ሰው ሲመክሩም አይቸኩሉም። እታለም የባሕር ሰው መሆናቸውን ስለምታውቅ ስልኩን አሳየቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሦስቱንም ጀልባ አንድ በአንድ ተመለከቱ።

«ጠዋት የሚወጣው የትኛው ነው?» አሏት።

«ይሄ ትንሹ ነው፣ አደይ።»

«ባሕር የጠዋት ነው። ከሰዓት ነፋስ ይነሳል፤ ያን ጊዜ ደስ የሚለው የጠጣ ሰው ብቻ ነው።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ደግሞ መሰላሉን ጠይቂ። ወደ ውኃው መግቢያውን ሁሉም ያሳይሻል። በዚህ ጉልበትሽ እንዴት እንደምትወጪ ግን ማንም አይነግርሽም።»

እታለም ስለ ጉልበቷ አንስታባቸው አታውቅም። ስትገባና ስትወጣ አይተው ነው።

በዚያው ቀን ትህትናን ጠራቻትና ለሦስቱም ጀልባዎች የሚላክ ጥያቄ አስጻፈቻት። ስንት ሰዓት ትወጣላችሁ? ከውኃ መውጫው መሰላል ምን ዓይነት ነው? ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ምሳ አላችሁ? ትህትና ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ቪጋን ሆንሽ እንዴ ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

«ዌይት። ፍልሰታ ነው?»

እታለም የገዛችውን ሽሮ ወደ ዕቃው ትገለብጥ ጀመር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጾም የሚከለክለው ሥጋ ነው፤ ባሕር አይከለክልም» አለቻት እናቷ። «ጻፊው ዝም ብለሽ።»

ትህትና ጻፈችው። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቀኑን ለመለወጥ ስትሞክር ቆየች። አልሆነላትም። እናቷን ለማስደሰት የሠራችው ሥራ ሁሉ ሌላ ሸክም እየሆነባት መምጣቱ ሳይገባት አልቀረም፤ እራት ሳትበላ ሄደች።

መልሱ በሁለት ቀን ውስጥ መጣ። ትልቁ ጀልባ የልብ ሥዕል ያለበት፣ ለሁሉም ሰው የሚላክ አንድ ዓይነት ምስጋና ላከ። የማታው ጭራሽ አልመለሰም። የትንሹ ጀልባ ካፒቴን ግን ራሱ ጽፏል። መሰላሉ ሰፊ ነው፣ አምስት ደረጃ አለው፣ የታችኞቹ ሁለቱ ውኃ ውስጥ ናቸው፤ እኔ ሰባ ዓመቴ ነው፣ በየቀኑ እወጣዋለሁ ይላል። ምሳው ሩዝና ባቄላ ነው፣ ለአንቺ ቅቤውን አስቀርቼ በዘይት አደርገዋለሁ ይላል። ከዚያ ስለ ደሴቲቱ ባቄላ አንድ ረጅም አንቀጽ ጨምሮበታል። ወሬ ማብዛቱ እውነት ነበር።

እታለም ይሄ ነው አለች። ደስታ አልተሰማትም፤ የአንድ በሽተኛ ፋይል ሞልታ እንደዘጋች ያህል ብቻ ቀለል አላት።

ምናሉ ኤርፖርት ያደረሳቸው በራሱ መኪና ነው። ሻንጣቸውን አውርዶ እንደ ሥራ ልማዱ «በየትኛው አየር መንገድ ነው የምትሄዱት?» ብሎ ሚስቱን ጠየቃትና ሦስቱም ሳቁ። በማያሚ በኩል አልፈው አመሻሹ ላይ ኩራሳዎ ገቡ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት እታለም ተኝታ አሳለፈችው ማለት ይቻላል። ጠዋት ጠዋት ግን የሥራ ሰዓቷ ሲደርስ ማንም ሳይቀሰቅሳት ትነቃለች፤ በረንዳው ላይ ወጥታ ውዳሴ ማርያሟን ታደርሳለች፤ ከዚያ ምን እንደምትሠራ ግራ ይገባታል። የሆቴሉ አልጋ አንጣፊ ስትመጣ እታለም አልጋውን አንጥፋ ጨርሳ ስለምታገኛት ሴትየዋ ተቆጣቻት።

በሦስተኛው ቀን ወደ ጀልባው ሄዱ። ወደቡ ላይ ካፒቴኑ ሰዎቹን ሁሉ ሰብስቦ ነፋሱ ዛሬ ጠንክሯል አለ። ሊወስዳቸው ያሰበበት፣ ዓሣ የሚበዛበት የኮራል ድንጋይ ያለበት ቦታ ውኃው ስለሚናወጥ ተራራ ወደጋረደው ትንሽ የባሕር ወሽመጥ ይሄዳሉ፤ ዓሣው ያንን ያህል አይሆንም፤ ቅር ያለው ሰው ገንዘቡ ይመለስለታል። ዘጠኝ ሰዎች ገንዘባቸውን ተቀብለው ሄዱ። አጠገባቸው ትልቁ ነጭ ካታማራን ሙዚቃውን ከፍቶ ሰው ይጭን ነበር። ትህትና አንዴ ወደዚያ አየችና ወደ እናቷ ዞረች።

«እንሂድ» አለች እታለም። «ሰውየው እውነቱን ነግሮናል።»

እታለም የለበሰችው ረጅም እጅጌ ያለው የዋና ልብስና ጥቁር ሱሪ ነው፤ ራሷ ላይ ሻሽ አስራለች። ወሽመጡ ውስጥ ሲቆሙ ትህትና ዘላ ገባች፤ መዋኘት የተማረችው ትምህርት ቤት ነው። እታለም የሚያንሳፍፈውን ላይፍ ጃኬት ለብሳ፣ ፊቷን ወደ መሰላሉ አዙራ ወረደች። የካፒቴኑ ረዳት፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት የደሴቲቱ ልጅ፣ የሚንሳፈፍ ቀለበት ይዛ ከውኃው ውስጥ ጠበቀቻት።

ማስኩን ፊቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ እንዳለች ትንፋሽ አጣች። አየሩ በቱቦው ይገባል፤ ግን አፍንጫዋ ተዘግቷል፣ ጎማው ጉንጯን ይዟታል። መንጭቃ ጣለችው። ሁለተኛም ሞክራ ሁለተኛም ጣለችው። ያን ጊዜ ነው ነርሲንግ ሆም ያሉት ሰዎች ትዝ ያሏት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የኦክስጅን ማስክ ፊታቸው ላይ ስታደርግላቸው እየመነጨቁ ሲጥሉት፣ እጃቸውን ይዛ ተው፣ ለአንተ እኮ ነው ስትል ነው የኖረችው። ለምን እንደሚጥሉት ዛሬ ገና ገባት።

ረዳቷ አልተቻኮለችም። «ምንም ለማየት አትሞክሪ» አለቻት በእንግሊዝኛ። «ተንፍሺ ብቻ።»

በሦስተኛው ጊዜ ተነፈሰች። ብዙ ቆይታ ዓይኗን ከፈተች። ታች ነጭ አሸዋ አለ፤ ብርሃኑ እንደ መረብ ሆኖ ይንቀሳቀስበታል። ቢጫና ጥቁር መስመር ያላቸው፣ ከመዳፍ የማይበልጡ ዓሦች ከድንጋይ ሥር ወጥተው ወደ እግሯ መጡ፤ እግሯን አይተው ተመለሱ። አንድ ግራጫ ዓሣ አፉን እየከፈተና እየዘጋ አንድ ቦታ ቆሟል። ሌላ ብዙ ነገር አልነበረም። ካፒቴኑ እንዳለው ነው።

አሥር ደቂቃ ይሁን አሥራ አምስት አታውቅም። ዓሣውንም ቢሆን ያየችው መጀመሪያ ላይ ነው። በኋላ የምታዳምጠው የራሷን ሰውነት ነበር። ጉልበቷ የሌለ መሰላት። ከጠዋት እስከ ማታ የሚነዘንዛት ወገቧ፣ ሰው ስታነሳ የሚጠዘጥዛት የቀኝ ትከሻዋ፣ ሁሉም ዝም ብሏል። የሚይዛት ውኃው ነው። እጇን ብትለቀው አይወድቅም፤ እግሯን ብትለቀው አይወድቅም።

ልትወጣ መሰላሉ ላይ የመጀመሪያውን ደረጃ ስትረግጥ ደህና ነበረች። ሁለተኛውንም ረገጠች። ሦስተኛው ከውኃው በላይ ነው፤ እዚያ ላይ ክብደቷ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተመለሰባት። ጉልበቷ ታጠፈ፤ እጇ ብረቱን እንደያዘ ቀረች። ካፒቴኑ አንድ ክንዷን ይዞ፣ ረዳቷ ከታች ሆና አውጥተው አግዳሚው ላይ አስቀመጧት። እዚያ ተቀምጣ አለቀሰች። ድምፅ የሌለው፣ ልታቆመው ያልቻለችው ለቅሶ ነው።

ትህትና ከውኃው ወጥታ እየሮጠች መጣች። የት ነው ያመመሽ እያለች ጉልበቷን፣ እጇን ትነካካለች።

«አላመመኝም» አለች እታለም። «እዚያ ውስጥ ምንም አላመመኝም። ስወጣ ነው ሁሉም የተመለሰው። ይህን ያህል ተሸክሜ እንደምዞር አላውቅም ነበር፣ ትህትና።»

ልጅቷ አጠገቧ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ሁለተኛው መቆሚያ ላይ የባሕር ኤሊ እንዳለ፣ እዚያ ውኃው ውስጥ ትገባ እንደሆነ፣ ወይስ ከላይ ማየት ትመርጥ እንደሆነ ልትጠይቃት ጀመረች።

«አሁን አትጠይቂኝ» አለቻት እናቷ። «ደክሞኛል። የደከመኝ ዛሬ ብቻ አይደለም። እስቲ ልተኛ።»

ከፊት ለፊት፣ በሁለቱ ቀጫጭን ጀልባዎች መካከል፣ ሰው የሚተኛበት ሰፊ መረብ ተወጥሯል። እታለም እዚያ ላይ በጎኗ ጋደም አለችና ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። ጀልባው ሲነሳ አልሰማችም፤ ሲቆምም አልሰማችም። ስትነቃ ወደቡ ቀርቧል፤ ፊቷ ላይ ጥላ አለ። ትህትና ፎጣ በእጇ ወጥራ ከአጠገቧ ተቀምጣለች።

«ኤሊዎቹን አየሻቸው?»

«አየኋቸው» አለች ትህትና።

የልጅቷ ጸጉር ደርቋል፤ ፎጣውን የያዘው ክንዷ ከትከሻዋ እስከ አንጓዋ ፀሐይ መትቶት በርበሬ መስሏል። እታለም ፎጣውን ከእጇ ወስዳ ክንዷን ሸፈነችላት።

በቀሩት ቀናት ትህትና ምንም ሊንክ አላሳየቻትም። ጠዋት ጠዋት ሁለቱም ከሆቴሉ ፊት ለፊት ውኃው እስከ ደረታቸው ድረስ ገብተው ቆመው ይቆያሉ።

ኦሮራ እንደተመለሰች እታለም ሐኪም ዘንድ ሄደች። ራጅ አነሷትና በጉልበቷ መጋጠሚያ ያለው ልም አጥንት ማለቁን አሳዩዋት። ወደፊት ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋት፣ እስከዚያው ሰው ማንሳት እንድትቀንስና ውኃ ውስጥ እንቅስቃሴ እንድትሠራ ነገሯት። የቅዳሜና እሑዱን ሥራ ለሰጣት ድርጅት ደውላ መተው እንደምትፈልግ ስትናገር እስከ መቼ ድረስ ነው ብለው ጠየቋት። ከእንግዲህ አለች።

የከበዳት የፓርክ ሂሏን አሮጊት መሰናበት ነው። ሰባት ዓመት አገልግላቸዋለች። ሴትየዋ ሰምተው ሲጨርሱ መጀመሪያ የተናገሩት «ያጠፋሁት ነገር አለ?» የሚል ነበር። እታለም ጉልበቷን አሳየቻቸው፤ አስረዳቻቸው፤ እሳቸው ግን ቀጥላ የምትመጣው ልጅ ሻዩን እንዴት እንደምወደው ታውቃለች ወይ ብለው ደግመው ደጋግመው ጠየቁ። ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ብዙ ተቀመጠች። ተመልሳ ልትገባና ትቼዋለሁ ልትል ምንም አልቀራትም ነበር። አልገባችም። ለአዲሷ ሠራተኛ ግን ስለ ሻዩ ሁለት ጊዜ ደውላላታለች።

ሥራ ስትቀንስ ድካሙም የሚቀንስ መስሏት ነበር። ባሰባት። በመጀመሪያው ነፃ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ነቅታ ፍሪጁን አጠበች፤ ከዚያ የምትሠራው ስታጣ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ ከሶፋው ለመነሳት እስከ ቀትር አልቻለችም። ጊዜ ሲያገኝ መጣብኝ ትላለች ስለ ድካሙ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ተራውን ሲጠብቅ የቆየ እንግዳ ይመስል። እንደዚህ ያሉ ቅዳሜዎች ብዙ ነበሩ።

በጥቅምት ኦሮራ ውስጥ ባለ የሕዝብ መዋኛ ለአረጋውያን የሚሰጠውን የውኃ እንቅስቃሴ ጀመረች። ዘጠኝ ሴቶች ናቸው፤ እሷ ከሁሉም ታንሳለች። ውኃው ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል፤ ከታች ሰማያዊ ሸክላ እንጂ ሌላ የሚታይ የለም። አስተማሪዋ እጅ ወደ ላይ ስትል እጃቸውን ያነሳሉ፤ እግር ስትል እግራቸውን። የሚመረጥ ነገር የለም። ለአርባ አምስት ደቂቃ ጉልበቷ ዝም ይላታል፤ ከዚያ ወጥታ፣ ጸጉሯን አድርቃ፣ ቤቷ ሄዳ ትተኛለች።

ምናሉ አንድ ቅዳሜ መኪናዋ ጋራዥ ስለነበረ ሊወስዳት መጣ። ቀድሞ ደርሶ ነበርና የሥራ ጃኬቱን እንደለበሰ ከመስታወቱ ወዲያ ቆሞ ሲያይ ቆየ። ሃያ ዓመት መሪ ላይ ተቀምጦ ወገቡ የማይታጠፍለት ሰው ነው። ስትወጣ ቦርሳዋን ተቀበላትና ወደ መኪናው አልሄደም፤ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቆመ።

«ወንድ ያስገባሉ?» አላት።

«እሷን ጠይቃታ፤ ያቻት» አለችው ወደ ጠረጴዛው እያመለከተች።

ምናሉ ጠረጴዛው ዘንድ የተቀመጠችውን ልጅ አየ፤ ጃኬቱን ቆለፈ፤ መልሶ ፈታው።

«አንቺ ጠይቂልኝ» አለ።